ሆድ ያልፈጀው

ከጀማ ድልድይ ማዶ፣ መንገዱ ከሚዞርበት፣
ጎሚስታ ነኝ እኔ፤ ጎማ ነው የማውቅበት።
በአውራ ጣቴ ስጫነው እነግርሃለሁ ዕድሜውን፣
የደረቀውን፣ የላላውን፣ ገና ነፍስ ያለውን።

ለዚህ ነው አጥላባቸው ሳጥኑን አቅፎ የመጣው፣
የጅቡቲ መስመር ሾፌር፣ አማቹ ያመጣው።
ክዳኑን ሲከፍተው ሱቅ መሰለኝ ባንዴ፦
ጢማም፣ እግረ ብዙ፣ ሮዝ፤ ይሄስ ፍጥረት ነው እንዴ?
አረንጓዴ ዓሣ፣ ወገቡ የሚተጣጠፍ፣
ቡናማ ትል፣ ቁጭ ብሎ እንኳ የሚንሳፈፍ፤
ሁሉም ላስቲክ፣ ሁሉም ለስላሳ።
ሁሉም ለሌላ ውሃ፣ ለሌላ ዓሣ።

"የቱ ይሻላል?" አለኝ። "አንተ ጎማ ታውቃለህ።"
"ዓሣ ግን አላውቅም።" "እሱን ለእኔ ትተዋለህ።"

ጥቅምት ነበር። ውሃው ጭቃውን ገና አልጨረሰም፣
ከመንዝ የወረደው አፈር ታች አልደረሰም።
ጎንበስ ብሎ እጁን ነከረ፣ እስከ ክርኑ፣
"ጥፍሬ ከታየኝ ቡናማ፤ ካልታየኝ፣ ጥቁር ነው ቀኑ።
ሲጨልምበት ዓሣ፣ ጎኑ ነው ጆሮው፣
ጅራተ ሰፊውን ስጠኝ፣ ይደብድብ እንደ ከበሮው።"
ጥፍሩ አልታየውም።
ጥቁር ደግሞ ሳጥኑ ውስጥ የለም፤ አንድም።
ምን ያህል ጥርት ቢል ነው ባሕሩ? እኔ ባሕር አላየሁም።

ሮዙን ወረወረ። ሄደ እንደ ሚዜ እየተሽሞነሞነ፣
ተመለሰ እንደሄደ፤ ሰርግም ድግስም አልሆነ።
አረንጓዴውን። ድንጋይ ያዘው። ወገቡ ላይ ተበጠሰ፣
አጥላባቸው ተሳደበ፣ ድንጋዩን ይሁን አማቹን እንጃ፤ ወዲያው ልቡ ተመለሰ።
ቡናማው ትል ቀረ። መንጠቆው ላይ ሰካና፣
እርሳሱን ቀነሰለት፣ እንደገና፣ እንደገና፤
"ትል እንደ ድንጋይ አይወድቅም፣
ቀስ ብሎ ይውረድ፤ የሚቸኩል ምግብ ዓሣ እንኳ አያምንም።"

አንዲት ቢልጫ፣ በስህተት ይሁን በይሉኝታ፣
ጎረሰችው በመጨረሻ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ወደ ማታ።
ከክንድ ታንሳለች። እሱ ግን ከረጢት አልከተታትም፣
ቢላ አወጣ እዚያው፤ ቤት እስኪደርስ አልታገሠም።
"ሰው 'ሆድ ይፍጀው' ይላል። ዓሣ እንደ ሰው አይደለም፣
የዋለበትን ይናገራል፤ ሆዱ ውስጥ ምስጢር የለም።"

ከፈተው። ፌንጣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት ፌንጣ፣
እግራቸው ያልተነካ፣ ክንፋቸው በቅጡ ያልወጣ፤
ከማሽላው ዳር ነፋስ የጣላቸው፣ ጥላሸት የመሰሉ፣
ቀኑን ሙሉ እግራችን ስር ነበሩ፣ ሲዘሉ።
አጥላባቸው ሳጥኑን ዘጋ። ምንም አልተናገረ።
እኔም።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ካሮጌ የአይሱዙ ከመነዳሪ፣
በልጥፍ ብዛት ጡረታ ከወጣ፣ የጥግ ነዋሪ፣
ጣት የሚያህል ቆርጬ በምላጭ ላጥኩት፤ ስስ፣ የሚንቀጠቀጥ፣
እግሩን ሁለት ቦታ ሰነጠቅሁ፣ ውሃ ሲነካው እንዲራገጥ።
በአውራ ጣቴ ተጫንኩት። አለ። ነፍስ አለው ገና፣
ጎማ አውቃለሁ ብያለሁና።

ጠዋት ሰጠሁት። አገላበጠው፣ አሸተተው፣
"ናፍጣ ናፍጣ ይላል" አለና ጭቃ ውስጥ አሸው፣ ሽታው እስኪተወው።
ወረወረ። ጣቱን ክሩ ላይ፣ ትርታ እንደሚያዳምጥ አኖረ፣
ከበላያችን አስፋልቱ ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ነበረ፤
የኋላ ጎማው ተንፍሷል። ሾፌሩ "ጎሚስታ!" እያለ ይጣራል፣
ጥሩምባውን ደጋግሞ ይነፋል።
"መጣሁ" አልኩ፣ ሳልንቀሳቀስ፤ ድምፄ ለራሴም ራቀ።
ክሩ ጠበቀ፣ ጠበቀ።
ከዚያ፣ ጠበቀ።